የዱብሮቭኒክ ችግር መርከቡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር

ስለ ዱብሮቭኒክ የሚወጣ ዘገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶ አለው። ቀይ ጣሪያ፣ ወፍራም ግንብ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ከጀርባ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የሚያህል ነጭ መርከብ። ጽሑፉም ያው ነው። መርከቡ ሰው አራገፈ፣ መንገዱ ተጣበበ፣ ነዋሪው ተማረረ። ይኼ ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው፤ ያውም ቀላሉ ግማሽ።

መርከብ መቀነስ ይቻላል። ዱብሮቭኒክም ቀንሳለች፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። አስቸጋሪው ከግንቡ ውስጥ ያለው ቤት ነው። ያ ቤት ድሮ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ አሁን በቀን ሒሳብ ይከራያል። አከራዩ ከሩቅ የመጣ ባለሀብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ ከአያቱ የወረሰ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ሲሯሯጥ ያደገ፣ ዛሬ ከግንቡ ውጭ አፓርታማ ውስጥ እየኖረ ስለ ቱሪስት ብዛት ከማንም በላይ የሚያማርር። የሚማረረውም የሚጠቀመውም አንድ ሰው ሲሆን ፖለቲካው ይወሳሰባል።

ለማያውቃት ሰው፣ ዱብሮቭኒክ በክሮኤሺያ ደቡብ ጫፍ፣ ሜዲትራኒያን ወደ ሰሜን በሚገባበት በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። በ2021 ቆጠራ 41,562 ሰው ነበራት፤ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት 42,615 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኼ ግን ሰፊው ከተማ ነው። ፎቶ ላይ የምናያት፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጣም ትንሽ ናት። በ1991 ወደ 5,000 ሰው ይኖርባት ነበር። ዛሬ የቀረው 1,500 ገደማ ነው።

ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1979 ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። ልዩነቱ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ዛሬ የሚያድር ቤተሰብ የለም። ዱብሮቭኒክ ስትመዘገብ ግን ከግንቡ ውስጥ ሽንኩርት ይቁላላ ነበር፣ በየመስኮቱ ልብስ ታጥቦ ይሰጣ ነበር፣ ልጆች ኳስ ይራገጡ ነበር። ቅርሱ ድንጋዩ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ድንጋዩን ራሱ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ስትራዱን የሚባለው ዋና መንገድ 300 ሜትር ያህል ነው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ቤቶች ናቸው፤ ቁመታቸው እኩል፣ መስኮታቸው እኩል። ያንን ያመጣው አደጋ ነው። በኤፕሪል 6፣ 1667 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራረሳት፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። መልሰው ሲሠሩ መንግሥት አንድ ንድፍ አወጣ፣ ማንም እንደፈለገው እንዳይሠራ ተደረገ። ታች ሱቅ፣ ላይ ቤተሰብ። የሱቁ በርና መስኮት በአንድ ቅስት ሥር የተጣመሩ ናቸው፤ ግማሹ መግቢያ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የድንጋይ መደብ። ነጋዴው ከውስጥ ቆሞ ዕቃውን በመደቡ ላይ ለመንገደኛው ያቀብላል። ኩሽናው ደግሞ ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። እሳት ቢነሳ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ቤቱን በሙሉ አይበላም በሚል ሐሳብ።

እነዚያ ሱቆች ዛሬም አሉ፤ መደቡም አለ። የሚሸጠው ግን ማግኔት፣ አይስክሬምና የቴሌቪዥን ድራማ ሰይፍ ነው። ላይ ያለው ፎቅ የሻንጣ ጎማ ይሰማበታል። ቤቱ የተሠራበት ሐሳብ፣ ማለትም ነጋዴው ከሱቁ በላይ ይኖራል የሚለው፣ ከነጭራሹ ጠፍቷል።

ወደ ኋላ ትንሽ እንሂድ፤ ይቺ ከተማ ከእንግዳ ጋር ያላት ነገር የትናንት አይደለምና። ከ1358 እስከ 1808 ራጉሳ በሚባል ስም ራሷን የምታስተዳድር የነጋዴዎች ሪፐብሊክ ነበረች። ጦር አልነበራትም ማለት ይቻላል። መርከብና ብልጠት ነበራት። በአንድ በኩል ቬኒስ፣ በሌላ በኩል የኦቶማን ቱርኮች። ራጉሳ ለቱርኩ ሱልጣን በየዓመቱ 12,500 ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) ግብር እየከፈለች በባልካን ምድር እንደልቧ ትነግድ ነበር። ቬኒስን ግን አላመነቻትም። በ1416 ዜጎቿ በባሪያ ንግድ እንዳይሳተፉ ከለከለች። መሪዋን፣ ሬክተር የሚሉትን፣ የምትመርጠው ለአንድ ወር ብቻ ነበር፤ በዚያ ወር ያለ መንግሥት ጉዳይ ከቤተ መንግሥቱ መውጣት አይችልም። የምክር ቤቱ በር ላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል፤ የግላችሁን ትታችሁ የሕዝቡን ጉዳይ አስቡ ይላል። ባላባቶቹ ሁልጊዜ አክብረውታል ማለቴ አይደለም። ግን ቢያንስ ግድግዳው ላይ ጽፈውታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የ1377ቱ ሕግ ነው። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰውም ዕቃም በቀጥታ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ታዘዘ፤ መጀመሪያ ውጭ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ወይም በጎረቤት ከተማ 30 ቀን መቆየት አለበት። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም የለመድነው ለይቶ ማቆያ በጽሑፍ ከተደነገገባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ይቺ ናት። በኋላ ለዚሁ ሥራ የተገነቡት ላዛሬቲ የተባሉ ቤቶች በምሥራቁ በር በኩል እስካሁን ቆመዋል፤ ዛሬ የባሕል ውዝዋዜና ኮንሰርት ይቀርብባቸዋል። ነገሩን ልብ በሉ። ከተማዋ በሯን አልዘጋችም፤ ብትዘጋ በረሃብ ታልቅ ነበር። ማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ይገባል የሚለውን ግን ራሷ ትወስን ነበር። ሀብቷ የመጣው ከዚያ ነው።

ናፖሊዮን ሪፐብሊኳን በ1808 አጠፋት። ከዚያ ኦስትሪያ መጣች፣ ከዚያ ዩጎዝላቪያ። ትልቁ ኢምፔሪያል ሆቴል በ1897 ሲከፈት የቱሪስት ዘመን ጀመረ ማለት ይቻላል። በዩጎዝላቪያ ጊዜ ደግሞ ሌላ ልማድ መጣ። በየበሩ «ሶቤ» የሚል ሰሌዳ ይንጠለጠላል፣ ክፍል አለን ማለት ነው፤ ከሥሩ ለጀርመኖቹ «ዚመር» ይጨመርበታል። እናቶች ወደብና አውቶቡስ መናኸሪያ ወጥተው እንግዳ ይጠብቃሉ። ይዘውት ቤት ይሄዳሉ፣ የልጆቹን ክፍል ይለቁለታል፣ ልጆቹ ሳሎን ይተኛሉ። ጠዋት ቡና አብረው ይጠጣሉ።

ይኼንን ያመጣሁት ለትዝታ አይደለም። ማከራየት በራሱ ከተማዋን አላጠፋትም ለማለት ነው። እንግዳው ሲመጣ ባለቤቷ እዚያው ነበረች። ጎረቤት ካስቸገረ የምትቆጣው እሷ ናት። ነገሩ የተለወጠው ክፍል ማከራየት ቀርቶ ቤቱን በሙሉ ማከራየት ሲመጣ፣ ቁልፉም በኮድ በሚከፈት ትንሽ ሳጥን በር ላይ መንጠልጠል ሲጀምር ነው። እንግዳው አስተናጋጁን ሳያይ መጥቶ ሳያይ ይሄዳል።

ከዚህ በፊት ግን ጦርነቱ አለ። እሱን ዘሎ የዛሬውን መረዳት አይቻልም። ክሮኤሺያ ከዩጎዝላቪያ ስትገነጠል፣ በኦክቶበር 1991 የዩጎዝላቪያ ጦር ከተማዋን ከበባት። ውሃና መብራት ተቋረጠ። በዲሴምበር 6 አሮጌዋ ከተማ በቀጥታ ተደበደበች። በከበባው ጊዜ ከግንቡ ውስጥ ካሉት 824 ሕንፃዎች 563ቱ ተመትተዋል። ዩኔስኮ በዚያው ዓመት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባት፤ ከዚያ የወጣችው በ1998 ነው። ግንቡ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚያይ ሰው ይኼንን ታሪክ በጣሪያው ያነበዋል። እዚህም እዚያም ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የድሮ ሸክላ አለ። የቀረው ደማቅ ቀይ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ከፈረንሳይና ከስሎቬንያ ሳይቀር የመጣ አዲስ ሸክላ። ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳለት ያ ደማቅ ቀይ የድብደባው ምልክት ነው።

ያ ዘመን ለቤቱ ጉዳይ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በጦርነቱ ብዙ ሰው ወጣ፤ የወጣ ሁሉ አልተመለሰም። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም። በ1990ዎቹ ሶሻሊዝም ሲፈርስ የመንግሥትና የድርጅት ቤቶች ለሚኖሩባቸው ሰዎች በርካሽ ተሸጡ። በዚህም ምክንያት ክሮኤሺያ ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚኖረው በራሱ ቤት ነው። ቤት ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የቤት ዋጋ ሲንር የሚደሰተው ብዙ ነው፤ የሚጎዳው ገና ቤት ያላገኘው ወጣት ነው፣ ወይም ከሌላ ከተማ ለሥራ የመጣው አስተማሪና ነርስ። እነሱ በምርጫ ጊዜ ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ መርከቦቹ። በ2013 በመርከብ የመጣው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2016 በአንድ የኦገስት ቀን ከ10 ሺህ በላይ ሰው አሮጌዋ ከተማ ገባ። ዩኔስኮ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ8,000 ሰው በላይ ከግንቡ ውስጥ መገኘት የለበትም ብሎ መክሮ ነበር። መንገዱ ላይ መቆም አስቸጋሪ ሆነ፤ በሰልፍ ነው የሚኬደው። በዚህ ላይ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ2011 ጀምሮ እዚህ ተቀርጾ ስለነበር፣ ስለ ራጉሳ ምንም የማያውቅ፣ ድራማው ውስጥ ያየውን ደረጃ ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ወጣት ጎረፈ።

በ2017 ከንቲባ የሆኑት ማቶ ፍራንኮቪች ቁጥሩን እቆርጣለሁ ብለው ተነሱ። በ2019 ከዓለም የክሩዝ ኩባንያዎች ማኅበር ጋር ስምምነት ተፈረመ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ በላይ አይቆምም፣ በአንድ ጊዜ ከ4,000 በላይ መንገደኛ አይወርድም። መርከቦቹ ሰው አውርደው በሁለት ሰዓት ውስጥ መልሰው ጭነው እንዳይሄዱ፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት እንዲቆዩ ተጠየቀ። ይኼ ብልህ ነገር ነው። የመርከብ እንግዳ ቁርሱን መርከቡ ላይ በልቶ፣ እራቱንም እዚያው ሊበላ ይመለሳል፤ ከተማ ውስጥ የሚያወጣው የውሃና የአይስክሬም ብር ነው። ረዘም ካለ ግን ምሳ ይበላል፣ ሙዚየም ይገባል፣ ወደ ሌሎቹ ሰፈሮችም ይበተናል። የአውቶቡሶች መድረሻ በቀጠሮ ሆነ። ምግብ ቤቶች መንገድ ላይ ከዘረጉት ወንበርና ጠረጴዛ ተቀነሰ፣ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ድንኳን አብዛኛው ተነሳ። በየበሩ የሚገባና የሚወጣውን የሚቆጥር ካሜራ ተተከለ።

ሠርቷል ወይ? በእኔ ግምት፣ አዎ። የጠዋቱ መጨናነቅ ቀንሷል። ዱብሮቭኒክ ለባርሴሎናም ለቬኒስም ምሳሌ ተደርጋ ትነሳለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ በየጊዜው በኢንተርኔት የሚዞር «ለአንድ ነዋሪ 27 ቱሪስት» የሚል ስሌት አለ። ብዙ አያስረዳም። የዓመቱን እንግዳ በሙሉ ደምሮ ለነዋሪው ያካፍላል። በጃንዋሪ ማክሰኞ ስትራዱን ላይ የሚያገኙት ድመት ነው። በ2023 ደግሞ ጎማ ያለው ሻንጣ መጎተት ታገደ፣ ቅጣቱ ይኼን ያህል ዩሮ ነው የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። እገዳ አልነበረም። ከተማው ሻንጣችሁን አንሱት፣ ድንጋዩ ላይ በሌሊት ሲንኳኳ ሰው ይቀሰቅሳል ብሎ በአኒሜሽን ቪዲዮ ለምኖ ነው። ልመናው ግን ብዙ ይናገራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻንጣ የሚጎትተው የመርከብ እንግዳ አይደለማ። እሱ አልጋው መርከቡ ላይ ነው። የሚጎትተው ፎቅ ላይ የተከራየው ነው።

እና ለምን ያከራያሉ? ስግብግብነት ነው ማለት ቀላል ነው። ግን በባለቤቱ ቦታ ሆነን እንየው። ከስትራዱን ወደ ሰሜን ያሉት ቤቶች በጠባብ ደረጃ ነው የሚወጡት። መኪና አይገባም። ፍሪጅ ቢበላሽ በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው። ዕቃ ጠዋት በትንንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በእጅ ነው። የሰባ ዓመት እናት በየቀኑ ያንን ደረጃ ዘንቢል ይዘው ሲወጡ አስቡት። ጫማ ሰፊው ሄዷል፣ የመስታወትና የምስማር ሱቁ ሄዷል። በበጋ ከመስኮቱ ሥር እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ነው። ልጃቸው ከግንቡ ውጭ ሊፍትና መኪና ማቆሚያ ያለው ቤት አግኝቶ «እማዬ ነይ» ቢላቸው ማን ይፈርድበታል? ባዶ የቀረው ቤት ደግሞ በሦስት የበጋ ወር የአስተማሪ የዓመት ደሞዝ ሊያመጣ ይችላል። እኔም ብሆን አከራየው ነበር።

ግብሩም ይገፋል። ክሮኤሺያ ውስጥ ቤቱን ለቱሪስት የሚያከራይ ግለሰብ የሚከፍለው በገቢው ልክ ሳይሆን በአልጋ ቁጥር፣ በዓመት የተቆረጠ ሒሳብ ነው። ከ2025 ጀምሮ ከፍ ተደርጓል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። ቤቱ ሰኔን በሙሉ ቢሞላም ባይሞላም ልዩነት የለውም። ለረጅም ጊዜ ለቤተሰብ የሚያከራየው ይኼን ያህል ገቢ አያገኝም፤ ተከራዩ ባይከፍልስ የሚል ስጋትም አለበት። መንግሥት በአንድ አፉ ወጣቱ ይመለስ ይላል፣ በሌላ አፉ ለአልጋው ቅናሽ ያደርጋል።

ከተማዋ በሌላ ነገር መኖር አትችልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትንሽ ትችላለች። ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ስቶን የሚባል ቦታ አለ። ሪፐብሊኳ ጨው የምታወጣው እዚያ ነበር፤ ለጨዋማው ኩሬ ጥበቃ ስትል 5 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል ግንብ ገንብታለች። ጨው ያን ጊዜ ገንዘብ ነበር። ዛሬም እዚያው በፀሐይ እያደረቁ ጨው ያወጣሉ። ከአጠገቡ ያለው የማሊ ስቶን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ኦይስተር የተባለ፣ በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ምግብ የሚረባበት ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ከባሕሩ ጋር ስለሚቀላቀል ጣዕሙ ይወደዳል። በገመድ አንጠልጥለው ባሕር ውስጥ ያሳድጉታል፣ ጀልባው ላይ በቢላ ከፍተው ሎሚ ጠብ አድርገው ይበሉታል። በደቡብ በኩል ኮናቭሌ የሚባለው ገጠር ወይንና ወይራ አለው። ከግንቡ ውስጥ፣ ጉንዱሊች አደባባይ ላይ ጠዋት ጠዋት የገበሬ ገበያ ይቆማል፤ የደረቀ በለስ፣ በስኳር የተነከረ ለውዝ፣ በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ ይሸጣል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ኦይስተሩንም ወይኑንም የሚገዛው በአብዛኛው ያው ቱሪስቱ ነው።

መንገዱም ራሱ ታሪክ ነበረው። ዱብሮቭኒክ ከተቀረው ክሮኤሺያ በየብስ ተቆርጣ ነው የኖረችው። በመሀል ኔውም የሚባል የቦስኒያ የባሕር በር አለ። መነሻው የ1699 ውል ነው፤ ራጉሳ ከቬኒስ ጋር ድንበር መጋራት ፈርታ ያንን ጠባብ መሬት ለቱርኮቹ ለቀቀች። ቬኒስም ሱልጣኑም ሄዱ፤ ድንበሩ ቀረ። ከዱብሮቭኒክ ወደ ሌላዋ የክሮኤሺያ ከተማ ወደ ስፕሊት የሚሄድ መኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማለፍ ሁለት ጊዜ ፓስፖርት ማሳየት ነበረበት፤ የምግብ ጫኝ መኪናው ሰልፍ ላይ ይውላል። በጁላይ 2022 2.4 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፔልየሻትስ ድልድይ ተከፈተ። አብዛኛውን ገንዘብ የአውሮፓ ኅብረት ሰጠ፣ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። በቀጣዩ ጃንዋሪ ክሮኤሺያ ዩሮና ሸንገን (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚዘዋወሩበት የአውሮፓ ቀጠና) ውስጥ ገባች። ለነዋሪው ትልቅ እፎይታ ነው። ለቱሪስቱም እንዲሁ፤ በመኪና የሚመጣው በዛ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግን ሰዉ በደንብ ያውቀዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዜሮ ገብተዋል። አንዴ በ1991፣ አንዴ በ2020። በኮቪድ ጸደይ ስትራዱን ባዶ ሆነ። ከተማችን ተመለሰችልን ያሉ ነበሩ። ወር ሲሞላ ግን የባንክ ብድር ይጠብቃል፤ ብዙው ሰው አፓርታማውን ያደሰው በብድር ነው።

ሠራተኛውም ተለውጧል። ሳህን የሚያነሳው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ምግብ በሞተር የሚያደርሰው የኔፓል፣ የፊሊፒንስና የሕንድ ወጣት እየሆነ ነው። ክሮኤሺያ በ2024 ብቻ ለውጭ ሰዎች ከ200 ሺህ በላይ የሥራ ፈቃድ ሰጥታለች። የአገሬው ወጣት ወደ አየርላንድና ጀርመን ሄዷል። እዚህ ላይ ቀለበቱ ይዘጋል። ለቱሪስቱ የሚሠራው ሰው የሚያድርበት ቤት የለም፣ ቤቱን የያዘው ቱሪስቱ ስለሆነ።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ከተማዋ ሞታለች ማለት አልፈልግም። ማስረጃዬ ፌብሩዋሪ 3 ነው፤ የጠባቂያቸው የቅዱስ ብሌዝ በዓል። ከ972 ጀምሮ ይከበራል ይባላል፤ ዩኔስኮ በ2009 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዋዜማው ርግብ ይለቀቃል። በዕለቱ ከኮናቭሌና ከየመንደሩ ሰዉ በባሕል ልብስ፣ ደረቱ ላይ ሐር የተጠለፈበት ቀሚስ ለብሶ፣ ትልልቅ ባንዲራ ተሸክሞ ይገባል። ባንዲራ ያዡ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ደርሶ ያወዛውዘዋል፣ ዝቅ አድርጎ ይሰግዳል። ካህኑ ሁለት ሻማ አጣምሮ በእያንዳንዱ ሰው አንገት ዙሪያ አድርጎ ይባርካል፤ የጉሮሮ ሕመም እንዳይነካው። የቅዱሱ አጽም በብርና በወርቅ ተለብጦ ከተማውን ይዞራል። በሪፐብሊኳ ዘመን ለዚህ በዓል ሲባል የተባረሩ ወንጀለኞች ሳይቀሩ ለጥቂት ቀን ገብተው እንዲወጡ ይፈቀድላቸው ነበር።

ልብ የሚባለው በዓሉ የሚውልበት ጊዜ ነው። የካቲት አካባቢ ብርድ ነው፣ ከባሕሩ ነፋስ ይነፍሳል፣ መርከብ የለም ማለት ይቻላል። ማንም ለቱሪስት ብሎ አያደርገውም። ስትራዱን ግን ይሞላል፣ በራሱ ሰው። ችግሩ፣ ያ ሁሉ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፒሌ በሚባለው የግንቡ በር በኩል ወደ ውጭ ነው የሚወጣው።

አሁን ስለ መፍትሔው። ከተማው ገንዘብ የለውም አይባልም። ግንቡ ላይ መውጣት በ2025 በበጋ 40 ዩሮ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የወጣበት ዓመት ነበር። ግንቡን የሚያስተዳድረው በ1952 የተቋቋመ የቅርስ ወዳጆች ማኅበር ነው፣ ከገቢው ከፊሉ ለጥገና ይውላል። ግንቡ 1,940 ሜትር ነው፤ ጥገናው አያልቅም፣ ይገባኛል። ግን ድንጋዩን ለመጠገን ይኼን ያህል ገንዘብ ያለው ከተማ ሰውን ለመመለስ ምን ያህል ያወጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተማው ከግንቡ ውስጥ ቤት እየገዛ ለወጣት ቤተሰቦች በመጠነኛ ዋጋ ማከራየት ጀምሯል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን በገበያ ዋጋ፣ ያውም ራሱ ካናረው ገበያ፣ አንድ በአንድ እየገዙ ሺህ ሰው መመለስ ረጅም መንገድ ነው።

በ2024 ደግሞ ከግንቡ ውስጥ አዲስ የቱሪስት ማከራያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ምክር ቤቱ ወሰነ። በአገር ደረጃም አፓርታማ ሕንፃ ውስጥ አዲስ የቀን ኪራይ ለመጀመር የሁለት ሦስተኛው ጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል ተባለ። ሁለቱም ላይ «አዲስ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። በሩ የተዘጋው ላልገቡት ነው። ውስጥ ያሉት ፈቃዳቸውን ይዘዋል፤ እንዲያውም ተወዳዳሪ ስለማይመጣባቸው ፈቃዱ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አገኘ። ለማንም ፖለቲከኛ የሚመች ውሳኔ ነው። የሚቆጣ መራጭ የለም።

ነባሩን በዋናነት የሚነካው የንብረት ግብሩ ነው። ከ2025 ጀምሮ ባለቤቱ የሚኖርበት ወይም ለረጅም ጊዜ የተከራየ ቤት ነፃ ነው፤ ለቱሪስት የሚከራየው ወይም ባዶ የሚቀመጠው ግን በካሬ ሜትር ከ0.60 እስከ 8 ዩሮ በዓመት ይከፍላል። መጠኑን የሚወስነው የየከተማው ምክር ቤት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚቀጣው ማከራየትን ሳይሆን ሰው ማጣትን ነው። ሒሳቡን ግን እንሥራው። 60 ካሬ ሜትር ቤት፣ በከፍተኛው ተመን ተሰልቶ፣ በዓመት 480 ዩሮ። በጁላይ ከግንቡ ውስጥ ያለ እንዲህ ያለ አፓርታማ ያንን ገንዘብ በጥቂት ሌሊት ያመጣዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ቀሪው ለባለቤቱ ነው። ሕጉ ከ8 ዩሮ በላይ አይፈቅድም፤ ይኼንን ወሰን ለማንሳት ዋና ከተማዋ ዛግሬብ ያለው ፓርላማ መወሰን አለበት፣ ፓርላማው ውስጥ ደግሞ ባሕር ዳር አፓርታማ ያለው መራጭ ብዙ ወኪል አለው።